ቅቤ የጠጣው ቀርከሃ

ልጅ ሳለሁ የሳሎናችን ግድግዳ የራሱ ማዕረግ ነበረው። ከሁሉም በላይ የቁርኣን ጥቅሱ፣ ከሁሉም በታች አባቴ በወጣትነቱ ጸጉሩን አጎፍሮ የተነሳው ፎቶ፣ በሁለቱ መሀል ደግሞ በአረንጓዴ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ቁልቁል የተንጠለጠለ አንድ ረጅም ነገር። ቤታችን የገባ እንግዳ ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ እሱ ላይ ያርፋል። አንዱ የመጋረጃ ዘንግ ነው ይላል፤ ሌላው የድሮ ቴሌቪዥን አንቴና። ጎረቤታችን ጋሽ ተክሌ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ለዓመታት መቋሚያ መስሏቸው «ሙስሊም ቤት መቋሚያ ምን ይሠራል?» ብለው መጠየቅ እያሰቡ ሲያፍሩ እንደኖሩ በኋላ ነግረውናል። ታናሽ ወንድሜ ፉአድ ደግሞ ለጓደኞቹ ጠመንጃ ነው ብሎ አስወርቶ ስለነበር፣ የሰፈሩ ልጆች በደጃችን ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

ዓሣ ማጥመጃ ነበር። አዎ፣ ነፋስ ስልክ መሀል። በሰፈራችን በኩል የሚያልፈው ወንዝ ዓሣ ቀርቶ እንቁራሪት እንኳ አፍንጫዋን ይዛ የምትሻገረው ነበርና ነገሩን ለሰው ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ባለቤቱ የእናቴ አባት ነው። በአገሩ አጠራር አካኮ እንለው ነበር፤ ሚስቱ ከሞተች በኋላ እናቴ «ብቻህን ብርድ ላይ አትቀመጥም» ብላ ከባሌ፣ ከዲንሾ አምጥታው ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። በዚያ አገር ተራሮች በሚወርዱት ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ትራውት የሚባል፣ ጎኑ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት ዓሣ አለ። ድሮ ከውጭ አገር አምጥተው የለቀቁት ነው ይባላል። የአካኮ ሥራ ወንዙን መጠበቅና ሊያጠምዱ ለሚመጡ እንግዶች መንገድ ማሳየት ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ፣ በየዓመቱ የሚመጣ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ጉልበቱ ወንዝ አላወርድ ሲለው ዘንጉን ለአካኮ ትቶለት ሄደ። ሲሰናበተው «ይህን የሚገድለው ዓሣ አይደለም፣ ቤት ነው» አለው ይላል አካኮ። አካኮ ይህን ቃል እንደ ኑዛዜ ነበር የያዘው።

ዘንጉ ተራ ሸምበቆ እንዳይመስላችሁ። ቀርከሃ በቀጫጭኑ ተሰንጥቆ፣ ተላጎ፣ ስንጣሪዎቹ ጎን ለጎን በሙጫ ተጣብቀው እንደገና አንድ በትር የሆኑበት ነው። ሥሩ የቡሽ እጀታ አለው፤ ጫፉ ከስንደዶ አይወፍርም። ሁለት ቦታ ተከፍሎ በነሐስ ይጋጠማል፤ ሲባጎው የሚያልፍባቸው ትናንሽ ቀለበቶች ደግሞ በሐር ክር ተጠምጥመው ታስረውበታል። ቤት እንዴት እንደሚገድለው ያኔ ቀስ በቀስ ገባኝ። ግድግዳ ተደግፎ ከሰነበተ ይጎብጣል። እርጥብ ሆኖ ከረጢት ከገባ ይሻግታል። ምድጃ አጠገብ ካደረ ሙጫው ይላላል። ስለዚህ አካኮ፣ ዓሣ በሌለበት ከተማ ተቀምጦ፣ በዓመት አንዴ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲጠራ ዲንሾ ወርዶ ለሚጠቀምበት ዘንግ፣ የቀረውን ዘመን ሁሉ አስታማሚ ሆኖ ይከርም ነበር።

ጊዜው ምሽት ነው፤ በተለይ መብራት የጠፋ እንደሆነ። ያኔ መብራት መጥፋቱ ለሰፈሩ ሁሉ እርግማን ሲሆን ለእኔና ለፉአድ ግን በዓል ነበር። ቴሌቪዥኑ ዝም ይላል፣ እናቴ ፋኖሱን ታበራለች፣ አካኮ ጉልበቱን ስለሚበርደው ከሰል የተቀጣጠለበት ምድጃ ይቀርብለታል፣ እሱም ምድጃውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከረጢቱን ያወርዳል። ከዚያ ዘንጉን በደረቅ ጨርቅ ከሥር እስከ ጫፍ እየጠረገ፣ የክሮቹን ጥምጥም አንድ በአንድ በጥፍሩ እየዳሰሰ፣ የነሐሱን መጋጠሚያ የሻማ ሰም እያስነካ ተረት ይጀምራል። እጁ ሥራ ካልያዘ አፉ አይከፈትም ነበር። «ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ሐሜተኛ ነው» ይል ነበር፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ሁልጊዜ ቡና ጠጪ ጎረቤቶቿን የነካባት ይመስላት ነበር።

አንድ መከራ ግን ነበረው። ቫርኒሽ የሚቀባበት ምሽት ወሬ የለም፤ መንቀሳቀስም የለም። ትንሽ አቧራ ካረፈበት ቫርኒሹ ሽፍታ ያወጣል። እናቴ ወለሉን ውሃ ትረጫለች፣ በሩ ይዘጋል፣ እኛ ፍራሽ ላይ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ተረቱ የትም ይድረስ፣ ጀግናው ገደል አፋፍ ላይ ይሁን፣ የቫርኒሹ ጣሳ ከተከፈተ እዚያው ይቆማል። አካኮ የላባ ጫፍ ነክሮ ክሮቹን ሲያስነካ ከቆየ በኋላ አንዲት ጠብታ ሲኒ ማስቀመጫ ላይ ይጥላል። በማግስቱ ዘንጉን የነካ ወዮለት፤ መንካት የሚፈቀደው ጠብታዋን ነው። ጣት ላይ ካልተጣበቀች ቫርኒሹ ደርቋል፣ ተረቱም ይቀጥላል። እኔና ፉአድ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተር ሳናስቀምጥ ወደዚያች ጠብታ እንሮጥ ነበር። በክረምት ሳትደርቅ ስትሰነብት የጀግናው ነገር እንቅልፍ ይነሳን ነበር።

እንዲህ ለቀናት የተንጠለጠለብን የጅቡ ተረት ነው። ጅብ የሞተ መብላት ሰለቸውና ዓሣ ወደምታጠምድ ወፍ ሄዶ «አስተምሪኝ» አላት። ወፏም «ጥበቡ አንድ ነው፤ ዝም ማለት» አለችው። ጅብ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ዝም አለ። ዓሣው ቀረበ፣ ጅብ በደስታ ሳቁ አመለጠው፣ ዓሣውም አመለጠ። ሌላ መጣ፣ ጅብ ሳቀ፣ ሄደ። መሽቶ ሆዱ ሲጮህ ሳቁን የሚያስቆምበት ዘዴ አሰበ። እዚህ ላይ አካኮ የቫርኒሹን ጣሳ ከፈተ! ዝናቡም ሳያባራ ሰነበተ። ጠብታዋ በደረቀች ማታ ፍጻሜውን ሰማን። ጅብ ለካ ሳቁን ለማፈን ትልቅ ድንጋይ ጎርሶ ነው የተቀመጠው። ዓሣው መጣ፣ አፍንጫው ሥር ቆመ፣ ጅብም አልሳቀ፤ ነገር ግን አፉ ሞልቶ ነበርና መንከስም አልቻለም። «ዝምታም ልክ አለው» አለ አካኮ፣ ከረጢቱን እየቋጠረ።

በእነዚያ ምሽቶች አባቴ የት ነበር ብትሉ፣ በሩ አጠገብ። አባቴ መካኒሳ የፕላስቲክ ዕቃ ይሸጥ ነበር። አመሻሽ ላይ ይመጣል፣ አካኮን ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላል፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ሄዶ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል፤ በራሱ ቤት፣ በራሱ በርጩማ። የሥልጤ ሰው ነው፤ አካኮ ልጁን ለአገሩ ልጅ ሊድር ያስብ እንደነበር፣ እሷ ግን «ይሄን ነው የምፈልገው» ብላ እንደቆረጠች ከአክስቴ ሰምቼአለሁ። አካኮ አንድም ክፉ ቃል ተናግሮት አያውቅም። ደግም አልተናገረውም። በስሙ ሸምሱ ብሎ አይጠራውም፤ «ሶዳ» ነው የሚለው፣ በእነሱ ቋንቋ አማች ማለት ነው። አባቴ በዓል በመጣ ቁጥር ኮት ይገዛለታል፣ ጫማ ይገዛለታል፤ አካኮ ይመርቀዋል፣ ኮቱንም ይለብሳል፣ ነገሩ ግን ከዚያ አያልፍም። አባቴ እንዲወደድ ይፈልግ ነበር። ልጅ ብሆንም ይህን አይቼ አዝንለት ነበር።

አንድ ክረምት አካኮ የዓይኑን ሞራ ተገፈፈና ለክትትል ይቀርበዋል ተብሎ ሀና ማርያም አክስቴ ቤት ከረመ። ዓይኑ ደክሞ ዲንሾ ሳይወርድ ዓመታት አልፈውት ነበር። «አላህ ብርሃኔን ከመለሰልኝ ዝናቡ እንደወጣ አንዴ ወርጄ ወንዙን እሰናበተዋለሁ» ብሎ ነበር የሄደው። እኛም ሁላችን ይህንን እየጠበቅን ነበር። እናቴ ልታስታምመው ከእሱ ጋር ስለሰነበተች ቤቱ ለአባቴና ለእኛ ቀረ።

አንድ እሁድ አመሻሽ ላይ አባቴ ቀና ብሎ ከረጢቱን ሲያይ ቆየና በወንበር ላይ ቆሞ አወረደው። ዘንጉን አውጥቶ በፋኖሱ ብርሃን አገላበጠው።

«ይሄ በትር ተጎሳቁሏል» አለ። «ቅቤ ካየ ስንት ዘመኑ ይሆን?»

«አካኮ ቅቤ አይቀባውም» አልኩት።

«ስለማያይ ነዋ! በእኛ አገር ጥሩ ሽመል እንደ ሙሽራ ነው የሚያዘው። ቅቤ ይጠጣል፣ እሳት ይሞቃል፣ ጭስ ይጠግባል፣ ከዚያ ቀይ ሆኖ ልጅ ለልጅ ይወረሳል። ዓይኑ በርቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ይሄን ይሁን።»

«እሳት አይወድም ይላል እኮ።»

«እሳት የማይወድ እንጨት የታለ?» ብሎ ሳቀ።

አባቴን እንደዚያ ምሽት ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ከአገሩ የመጣለትን ለጋ ቅቤ አውጥቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ዘንጉን ከእጀታው እስከ ጫፉ እያሸ አጠጣው። ከሰሉ ላይ የወይራ ስንጣሪ ጣል አደረገና ጭሱ ሲነሳ ዘንጉን እያመላለሰ ያሞቀው ጀመር፤ እያንጎራጎረ። ቅቤው እየተንጨረጨረ ወዙ ሲወጣ ፉአድ አጨበጨበ። እውነት ለመናገር እጅግ ያምር ነበር፤ እኔም ምናልባት አካኮ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቫርኒሹ እንደ ቃጠሎ ቁስል ውሃ ቋጠረ። አባቴ ማንጎራጎሩን ተወ። ቀጭኑ ጫፍ እንደ ጠወለገ የሽንኩርት ቅጠል ዝንብል አለ፣ አንዱ ስንጣሪም ጠቅ ብሎ ከባልንጀራው ተላቀቀ።

አባቴ ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። በጉልበት ሊያቃናው ይሞክራል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ደግነቱ አልሞከረም። እራት አልበላም። እናቴ በማግስቱ ልብስ ልትቀይር ስትመጣ በር ላይ ነገራት፤ እሷም አፏን በነጠላዋ ይዛ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ በመጨረሻም «እኔ ለአባቴ አልነግርልህም፤ የምትናገረው አንተ ነህ» አለችው። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ አባቴ ወሬ አቆመ። ፉአድ በጆሮዬ «አባዬ ድንጋይ ጎርሷል» ሲለኝ ሳቄን አፍኜ ሞትኩ።

ለመሆኑ አባቴ ምን አደረገ መሰላችሁ? ሽማግሌ ላከ! በራሱ ቤት ለሚኖር አማቱ፣ ስለ አንድ ዓሣ ማጥመጃ፣ በወጉ ሽማግሌ ላከ። አካኮ ጥቁር መነጽር አድርጎ በተመለሰ ማግስት አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳና ጋሽ ተክሌ በኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ከጎናቸው መስጊዱ አጠገብ የሚኖሩት ጎረቤታችን ሀጂ ነስሩ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ገቡ። ተቀመጡ ሲባሉ አልተቀመጡም።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ተክሌ።

አካኮ መነጽሩን አስተካከለ። ሁለቱን ሽማግሌዎች አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ፣ ፊቱ ተኮሳተረ። «ልጅ ልትጠይቁ ከሆነ የመጣችሁት፣ ይቺ ገና የወተት ጥርሷን አልጨረሰችም» አለ።

«አውዙቢላህ! ለጋብቻ አይደለም» አሉ ሀጂ ነስሩ። «ለዕርቅ ነው።»

«ከማን ጋር ተጣላሁ?»

«ገና አልተጣሉም» አሉ ጋሽ ተክሌ። «ሲያዩት ነው የሚጣሉት።»

አባቴ ይህ ሁሉ ሲሆን ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ነበር፤ እግሮቹ ከሥር ይታያሉ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ከአዳምና ሔዋን ጀምረው፣ ሰው ይሳሳታል፣ ቀናነት መንገድ ይስታል እያሉ አዙረው አዙረው ሲጨርሱ እናቴ ከረጢቱን አምጥታ አካኮ ጭን ላይ አኖረች። አካኮ ዘንጉን ሲያወጣ ከዓይኑ በፊት አፍንጫው ነቃ። አሸተተው። እንደገና አሸተተው።

«ቅቤው ለጋ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ለጋ ነው፣ አባባ» አለ መጋረጃው። «ከአገር ቤት የመጣ ነው።»

«ልጄ ለእኔ በዘይት ትሠራለች፣ ለዘንጌ ግን ለጋ ቅቤ!» አለ አካኮ። ሽማግሌዎቹ መሳቅ ይሁን አለመሳቅ ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ።

ቀልዱ ግን እዚያው አበቃ። አካኮ መነጽሩን አወለቀና ዘንጉን ወደ ፋኖሱ አቅንቶ፣ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአዲሱ ዓይኑ ከሥር እስከ ጫፍ አነጣጥሮ አየው። ጉብጠቱን አየ፤ የተላቀቀውን ስንጣሪ አየ። ያንን ወንዝ ሊሰናበት የጠበቀው በዚያ ዘንግ ነበርና ሲያዝን ማየት አቃተኝ።

«ውጣ ሶዳ» አለ በመጨረሻ። አባቴ ወጥቶ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል በትከሻው ያዘው። «ወጉ ካሳ አልፈልግም ማለት ነው። እኔ ግን እፈልጋለሁ። ክረምቱ እስኪወጣ ማታ ማታ እዚህ፣ እኔ አጠገብ ትቀመጣለህ። ዓይኔን መልሰውልኛል፤ እጄን ግን አልመለሱልኝም። እየው።» እጁን ዘረጋው፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለካ በኋለኞቹ ዓመታት ክሮቹን ሲያስር እጁ እየከዳው፣ ቋጠሮው እየተንሸራተተበት፣ ለማንም ሳይናገር ነው የኖረው። «እኔ ዓይን እሆናለሁ፤ አንተ እጅ ሁን» አለው። ጋሽ ተክሌና ሀጂ ነስሩ ያኔ ተቀመጡ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ በርጩማዋ ከበሩ ተነስታ ምድጃው አጠገብ መጣች። መጀመሪያ ቅቤው መውጣት ነበረበት፤ ቅባት ያለበት ነገር ሙጫም ቫርኒሽም አይዝም። ጋሽ ተክሌ የድሮ ሙያቸው ትዝ ብሏቸው በትንሽ ጠርሙስ ቤንዚን ይዘው መጡ፤ እናቴም ምድጃውን ይዛ ወደ ውጭ ሮጠች። ዘንጉ በጨርቅ እየተጠረገ፣ እየደረቀ፣ እንደገና እየተጠረገ ሰነበተ። ከዚያ የተላቀቀው ስንጣሪ በሙጫ ተመልሶ በክር ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። ማቃናቱ ግን የትዕግሥት ሥራ ነበር። ያጎበጠው እሳት ነው፣ የሚያቃናውም እሳት ነው፤ ልዩነቱ ርቀቱ ላይ ነው። አባቴ መዳፉን ከፍሙ በላይ ይዘረጋል፤ ፋቲሃ የምትባለውን አጭር የቁርኣን ምዕራፍ በቃሉ ብሎ እስኪጨርስ መዳፉ የሚችለው ከፍታ ላይ ሲደርስ ዘንጉን እዚያ ያሞቃል፣ ከዚያ ከእሳቱ አንስቶ በጉብጠቱ ተቃራኒ ቀስ ብሎ ይጫነዋል፣ እስኪበርድም ሳይለቅ ይይዘዋል።

እስኪበርድ ድረስ አካኮ ተረት ይናገራል። ቀድሞ ቫርኒሹ ነበር ተረታችንን የሚያቋርጠው፤ አሁን ደግሞ አባቴ እጁ ደንዝዞ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ሲል «አባባ፣ ያሳጥሩት በአላህ!» ይላል፤ አካኮም ሆን ብሎ ጅቡን ሌላ ወንዝ ያሻግረዋል። አንዳንዴ አባቴ ሳቁ አምልጦት እጁ ይላላል። «ሶዳ! ዓሣውን አታባርረው፣ ያዘው!» ብሎ ይጮህበታል አካኮ። በፊት እንደዚያ ጮሆበት አያውቅም ነበር። አባቴ ሲጮህበት ደስ ይለው እንደነበር ከፊቱ አይቻለሁ። ከሱቅም በጊዜ መምጣት ጀመረ። እናቴ ጓዳ ሆና የሁለቱን ንትርክ እየሰማች ለብቻዋ ፈገግ ትል ነበር።

ዝናቡ ሲወጣ ዘንጉ ቀና፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ጫፉ ላይ ልብ ብሎ ላየው ወደ ግራ የምታደላ ጉብጠት ቀረች። አባቴ ሌላ ጊዜ ልሞክር ሲል አካኮ ከለከለው። «እኔም ስራመድ ወደ ግራ ነው የማደላው፤ እንስማማለን» አለ። የመጨረሻውን ቫርኒሽ የቀባው አባቴ ነው፤ ሁላችን ትንፋሻችንን ውጠን። እናቴ ብቻህን አትሄድም ስትለው አካኮ ወደ አባቴ በአገጩ አመለከተ። አባቴ ለማንም ሠርግና ለቅሶ ከግማሽ ቀን በላይ ሱቁን የማይዘጋ ሰው፣ ቁልፉን ለእናቴ ሰጥቶ ከአካኮ ጋር አውቶቡስ ተሳፈረ።

ሲመለሱ ሁለቱም ፊታቸው በብርድና በፀሐይ ከስሎ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። ማታ መብራት ነበረ፤ እኛ ግን አጥፍተን ፋኖሱን አበራንና አካኮ ፊት ተኮለኮልን። አካኮ ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳውን ተደገፈ። «እኔ ደክሞኛል፤ ሶዳ ይንገራችሁ» አለ።

አባቴ ተረት አይችልም ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ስለ አውቶቡሱ ጎማ ጀመረ፣ ወደ ምሳው ዘለለ፣ ሆቴሉን ረስቶ ተመለሰ። ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ እንደነበር ነገረን። አካኮ ጉልበቱ ስለከለከለው ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዘንጉን ለእሱ እንደሰጠው፣ እሱ ደግሞ ከላባ የተሠራችውን ዝንብ መሳይ መንጠቆ እየወረወረ ቁጥቋጦ ሲያጠምድ እንዳረፈደ ነገረን። እኛ ሳቅን፤ አካኮም ዓይኑን ጨፍኖ እየሳቀ ራሱን ነቀነቀ።

«ከዚያ ፈረስ የሚያከራዩ የድሮ ወዳጁ መጡ» አለ አባቴ። «ተቃቅፈው ተላቀሱ። እኔ ውሃው ውስጥ ነኝ። ዘንጉ ያኔ ከበደኝ፤ አንድ ነገር ይጎትተኛል። ሰውየው በእኔ በኩል ጠቆሙና ‹ይሄ ማነው?› ብለው ጠየቁት፤ ኦሮምኛ ባልችልም ይቺ ትገባኛለች። እሱም አላሰበም፣ ቶሎ ነው የመለሰላቸው። ‹ኢልማ ኮ› አላቸው። ልጄ ነው፣ አላቸው።»

እዚያ ላይ አቆመ። ፋኖሱን ያያል። ጠበቅነው።

«ዓሣውስ?» አለ ፉአድ።

«የቱ ዓሣ?» አለ አባቴ።

አካኮ ዓይኑን አልገለጠም። በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮው ሶዳ ብሎ ጠራው፣ እስከ ዕለተ ሞቱም ሶዳ እንዳለው አለፈ፤ አባቴም አንድም ቀን ሌላ ነገር ይበሉኝ አላለውም። አሁን ዘንጉን የሚያስታምመው እሱ ነው፤ የእኔ ልጆች ደግሞ ጉልበቱ ሥር ይኮለኮላሉ። ከአካኮ ተረቶች ብዙውን ረስቻለሁ፤ የማን ጅብ የት ወንዝ እንደገባ እቀላቅላለሁ። የአባቴን አንዷን ተረት ግን እሱ በሚናገርበት ቅደም ተከተል፣ ከነጎማው ከነምሳው አውቃታለሁ፤ ሁልጊዜም የሚያበቃው እዚያው ላይ ነው። ልጆቼ ገና ስላልለመዱት ዓሣውን ይጠይቁታል። ተይዞ ይሁን አምልጦ፣ እኔ ጠይቄው አላውቅም።